አማቱ የተቀመጡበት ግቢ

ኪየር ከህንድ የተመለሰው ሰኔ አሥራ ሁለት ነበር። ቆይ፣ አሥራ ሦስት ይሆን? ጎረቤቱ ነርስ ሺታዬ እስከ ዛሬ አልቆረጠላትም። ሰፈራቸውን ኒውላንድን የሞላውን ጭፈራና ዘመድ ሁሉ ይዞት የመጣውን የወተት ቅል ግን አትረሳም።

ኪየር የእህቱ የአጥንት መቅኔ ተሰጥቶት ከደም ካንሰር ተርፏል። ሺታዬ በሩ ላይ ያዘችው።

"ስማኝ፤ መድኃኒቱ አንጀትህን የሚጠብቁትን ባክቴሪያዎች ጠርጎ ወስዷቸዋል። ክፉው ከገባ ወደ ደምህ ሲሻገር ከልካይ የለበትም። አዲሱ መቅኔህም ገና ጨቅላ ነው። ያልፈላ ወተት እንዳትቀምስ፣ ትሞትብናለህ!"

"ሲስተር፣ አክስቴን እምቢ ከምል ደልሂ ብመለስ ይቀለኛል።"

አክስቱ ኛኩዎል ከኢታንግ ድረስ ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎ ተሸክማ መጥታለች።

"ወተት መርዝ ነው እንዴ? አንቺ ስንት ላም አለሽ?" ብላ ሺታዬን አፋጠጠቻት።

"አንድም።"

"እንግዲያ ዝም በይ!"

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ኪየርም እየሳቀ ቅሉን ተቀበለ።

ያኔ የሚስቱ እናት ኛፑዎት ገቡ። ባሮ ዳር ዓሣ ሸጠው ስድስት ልጅ ያሳደጉ፣ ለሰላምታ እንኳ ቃል የሚቆጥቡ ረጅም ሴት ናቸው። ወጉ አማት ከአማች ዓይን እንድትርቅ ያዛል። እሳቸው ግን የፕላስቲክ ወንበር ጎትተው ፊት ለፊቱ ቁጭ አሉ። የኑዌር ወንድ ደግሞ በአማቱ ፊት እህል ውሃ አይቀምስም። ኪየር ቅሉን እንደ ጋለ ብረት ቶሎ መሬት አስቀመጠው።

"ማማ፣ ቤት ይግቡ እንጂ፣ ዝናብ መጣ" አለች ኛኩዎል።

"ዝናብ ጥሩ ነው።"

አዲስ ቅል በመጣ ቁጥር ወንበራቸውን አንድ ስንዝር ወደ ኪየር ያስጠጋሉ። ወጣቶቹ ነገሩ ገብቷቸው በየስንዝሩ ያጨበጭቡ ጀመር። ኪየር አንገቱን ደፍቶ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ኛኩዎል ራሷ ሆዷን ይዛ እየሳቀች እርጎውን ለጨፋሪዎቹ አደለች። ኪየር ጓዳ ተደብቆ ትኩስ ገንፎ በላ፤ በዚያ ሳምንትም ትኩሳት የሚባል አልነካውም።

እንግዳው ሲበተን ሺታዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። እንዲህ ያለውን ዘዴ ለአማቲቱ ማን መከራቸው? ወይስ በሩ ላይ ስትናገር ሰምተዋት ኖሯል?

"ማማ ኛፑዎት! አንዴ ይቆዩኝ!"

የተሳፈሩበት ባጃጅ ጭቃውን እየረጨ መታጠፊያውን ዞሯል።