ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት

አቤራ የምንላቸው የአባቴ ታላቅ ወንድም ተንቀሳቃሽ የእንጨት መሰንጠቂያቸውን እየጎተቱ ከነቀምት እስከ ኑኑ ቁምባ ይዞሩ ነበር። ግንዱ ዘንድ ሲደርሱ ሞተር አያስነሱም። የግንዱን ባለቤት ትተው እናቱን ያስጠሩና "ሃርሜ፣ እናቴ፣ እዚህ ዛፍ ላይ ምን ይሰቀል ነበር?" ብለው ይጠይቃሉ። ልጁ ምንም የለውም ብሎ እየማለ፣ እናቱ ቀፎ የታሰረበትን ሽቦ ያስታውሳሉ። ግንድ ውስጥ የቀረ ሽቦ ወይም ምስማር የመጋዝ ጥርስ ያረግፋል። "ዋጋውን ልጁ ያውቃል፤ ዛፉን ግን የምታውቀው እናቱ ናት" ይሉኝ ነበር።

ካረፉ በኋላ ወንድሞቼ ማሽኑ ይሸጥ አሉ። ከአቤራ ጋር ስሰነጥቅ የኖርኩት እኔ እህታቸው ነኝና አይሸጥም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት በአቤራ ግቢ ያለውን ዋንዛ ንፋስ ጣለው። ካረፉ ወዲህ ማንም ያላወረደው የዝናብ ካፖርታቸው እዚያው ግንዱ ላይ በምስማር እንደተሰቀለ ነበር። አወረድኩትና ምስማሩን ነቀልኩ። ይህን ዛፍስ አውቀዋለሁ ብዬ ሞተሩን ላስነሳ ስል አፈርኩ። የአቤራን ሚስት ከቤት አስጠራሁ።

"ሃርሜ፣ እዚህ ዛፍ ላይ ምን ይሰቀል ነበር?"

"ካፖርቱ ነዋ" አሉኝ። "የነቀልሽው ግን ሦስተኛው ምስማር ነው። ሁለቱን ዛፉ ሲውጥበት ጊዜ ነው ይሄን ከበላያቸው የመታው።"

ባሳዩኝ ቦታ በመሮ ፈልፍዬ ሁለቱንም አወጣሁ። ካፖርቱን የምሰቅልበት ስላልነበረ ለበስኩት። ቁልፎቹን ሁሉ ቆልፌ ሞተሩን አስነሳሁ።