ባሌ፣ ክርክሩና እሜቴ

ባሌ ጫጩት ለያይ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው እንቁላል በሚፈለፈልበት ድርጅት ውስጥ፣ ረጅም ጠረጴዛ ፊት ቆሞ፣ ከማሽኑ የወጡትን ጫጩቶች አንድ በአንድ እያነሳ፣ ክንፋቸውን በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ "ሴት፣ አውራ፣ አውራ፣ ሴት" እያለ በየሳጥኑ ሲከት ነው። እንዴት እንደሚለይ ሲጠየቅ "ክንፉን ማየት ነው" ይላል፤ ከዚያ በላይ አያስረዳም። ልብሱ ላይ ተጣብቆ የሚመጣው ብናኝ ላባ ሶፋው ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ አንዳንዴም ሾርባው ውስጥ ይገኛል። ለምጄዋለሁ ብል ውሸቴን ነው።

ላባውስ ይሁን፤ እኔን ያቃጠለኝ ክርክሩ ነው። ይኼ ሰው ቀኑን ሙሉ ወንድና ሴት ሲለይ ስለሚውል፣ ወንድና ሴት ከየት እንደመጡ ከሱ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለውም። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አለቀለት። "እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ" ብሎ ይጀምራል። "የመጀመሪያው አውራ ዶሮ ብቻውን ተገኘ እንበል። ሴቷስ? እስክትመጣ ቁጭ ብሎ ሊጠብቃት ነው? ዕድሜው ያልቃል እኮ! ሁለቱም ባንድ ቀን፣ ያውም ሙሉ ሆነው ካልተፈጠሩ፣ ዛሬ አንተ እንቁላል አትበላም ነበር።" ሰውየው ፌርማታው ሳይደርስ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጃችን ስታገባ ደግሞ ባሰ። አማቻችን የሳይንስ መምህር ነው። እሁድ እሁድ ምሳ የሚበሉት እኛ ዘንድ ነው፤ ሁለቱ ወንዶች ገና ሳይቀመጡ ይገጥማሉ።

"አባባ፣ ብቻውን የጠበቀ አውራ ዶሮ'ኮ የለም" ይላል አማቻችን። "መጀመሪያ በዓይን የማይታዩ ነገሮች ለሁለት እየተከፈሉ ነበር የሚበዙት። ከዚያ እርስ በርስ መቀላቀል ጀመሩ። ወንድና ሴት የሆኑት ቀስ በቀስ፣ አብረው ነው።"

"ለሁለት መከፈል ከበቃው ምን አንከራተተው? ሚስት ፍለጋ ምን ያስዞረዋል? ጣጣ አማረው?"

"እሱን እርስዎ ያውቃሉ። እርስዎም ዞረው ነው ያገቡት።"

ከዚያ ይስቃሉ። ድምፃቸው ከፍ ሲል ጎረቤት የተጣሉ ይመስለዋል እንጂ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ይዋደዳሉ። እኔ ከየትኛቸውም ወገን አይደለሁም፤ ሳህኑን የማጥበው እኔ ነኝ።

ባሌ ክርክሩን የሚዘጋባት አንዲት ንግግር አለችው። ጣቱን ቀስሮ "ፈጣሪ የማይወልድ ነገር አልፈጠረም!" ይላል፤ አለቀ ደቀቀ። ነገሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ልጃችን ሁልጊዜ አንድ ነገር ለማምጣት ወጥ ቤት ትገባለች። ካገባች ቆይታለች፤ ልጅ አልመጣላትም። ያልዞረችበት ሐኪም ቤት የለም። እኔ አውቃለሁ፣ ባሏም ያውቃል። አባቷም ያውቃል፤ ግን ያ ሰው የሚያውቀውንና የሚናገረውን አንድ ላይ አስቀምጦ አይቶ አያውቅም።

አንድ እሁድ ጣቱን ቀሰረና ያቺን ነገር ተናገራት። ልጄ ወጥ ቤት አልገባችም። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ታዲያ እኔን ማን ፈጠረኝ፣ አባዬ?" አለች።

ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ ባሏ ተከትሏት ሮጠ። ባሌ ጣቱን እንደቀሰረ ቀረ።

"ምን አልኳት?" አለኝ።

"አንተ ሰው፣ ከአፍህ የሚወጣውን ጆሮህ ይሰማዋል?" ብዬ ጀመርኩና የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። ፊቱ አመድ መሰለ።

በሚቀጥለው እሁድ አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም። ሲደውልላት "ሥራ ይዣለሁ አባዬ" ትለዋለች፣ በቃ። አማቻችን ብቻውን መጣ። ሰውየውን ሊያጫውተው ብሎ "አባባ፣ ያ አውራ ዶሮ ሴቷን አገኛት ወይስ አሁንም እየጠበቀ ነው?" ቢለው፣ ባሌ "እንጃ ልጄ" ብሎ ወደ ሳህኑ አጎነበሰ። ያን ክርክር ስንት ዘመን ስረግመው ኖሬ፣ ክርክር የሌለበት ምሳ እንዲህ ያስጠላል? "በቃ፣ አትመጣም ማለት ነው?" ይለኛል እየደጋገመ። ያለችን እሷ ብቻ ናት። አንጀቴን በላው።

ስለ እሜቴ ልንገራችሁ። እሜቴ ጓሯችን የምትኖር ዶሮ ናት። ጫጩት ሳለች ባሌ ክንፏን ገልጦ "ሴት" ብሎ ለያት። የገዛት ሰው ግን ካሳደጋት በኋላ "አውራ ነው የሸጣችሁልኝ፣ አይጥልም!" ብሎ እየተቆጣ መለሳት። ባሌ በዓይኑ ሲመጡበት አይወድም፤ "ቆይ፣ ትጥልና አሳየዋለሁ" ብሎ ቤት ይዟት መጣ። ይኸው ስንት ዓመቷ፣ አልጣለችም። አውራም እንዳንላት አትጮህም። ሥራዋ እህል መጨረስና ጓሮውን እንደ ወይዘሮ መንጎራደድ ነው፤ እሜቴ ያልናትም ለዚህ ነው። "ለሰው ስጣት" እያልኩ ያልነዘነዝኩበት ቀን የለም።

አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ በወጥ ቤቱ መስኮት አየሁት። የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሏል፤ እሜቴም እንደልማዷ ሮጣ መጥታ እግሩ ሥር ቆማለች። ጎንበስ ብሎ አያትና "ለካ አንቺ አለሽ!" አላት። ከዚያ ብድግ ብሎ የጫጩት ካርቶን ውስጥ ከተታት።

"ወዴት ነው?" አልኩት።

"ልጄ ጋ።"

"በዶሮ? ልጄን ከዶሮ ጋር ልታወዳድር? በሞትኩት፣ አታደርገውም!"

አደረገው። ነጠላ ጫማዬን ሳልቀይር ተከተልኩት፤ የባሰ እንዳያበላሸው ብዬ ነው።

በሩን የከፈተችው ልጃችን ናት። እኛን አየች፣ ካርቶኑን አየች።

"ክርክሩን ተረትቻለሁ፣ ልጄ" አላት።

"በማን?"

ካርቶኑን ከፈተው። እሜቴ አንገቷን ብቅ አደረገች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አልጣለችም፣ አልጮኸችም" አለ። "እናትሽ ለሰው ስጣት እያለች ያኖርኳት እኔ ነኝ። ለምን አኖርካት በይኝ።"

"ለምን አኖርካት?"

"እንጃ። ከሥራ ስመለስ ሮጣ ትመጣለች። ካላየኋት ቤቴ የገባሁ አይመስለኝም። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።" ካርቶኑን ወደ ደረቱ አስጠጋው። "ለዶሮ እንኳ ምክንያት ያልጠየቅኩ ሰውዬ፣ ላንቺ... አንቺ ከቀረሽ ወዲህ ቤቴ አልገባሁም፣ ልጄ።"

"አባዬ፣ አሁን ከዶሮ ጋር አወዳደርከኝ?" አለች፤ እንባዋ ግን ቀድሟት ወርዷል።

"እናትሽም እንዲህ ብላኝ ነበር" አለ፤ እሷም ሳቀች። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ካርቶኑን ተቀብዬ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በምን እጄ እንባዬን እንደጠረግኩ እንጃ።

እሁድ መጣች። አማቻችን ሾርባውን እየቀመሰ ባሌን በጎን ያየዋል፣ ባሌ ልጁን ያያል።

"ጀምር እንጂ አባዬ" አለችው። "ናፍቆኛል።"

ጀመረ። ከአቋሙ ንቅንቅ አላለም፤ የመጀመሪያው አውራና የመጀመሪያዋ ሴት ባንድ ቀን፣ ሙሉ ሆነው። አማቻችን መለሰ፣ እሱም መለሰ፣ ድምፁ ከፍ አለ፣ ጣቱ ተቀሰረ። እኔ ጭልፋዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

"ጨርሰው" አለችው ልጃችን።

ጣቱን ቀስ ብሎ አጠፈ።

"ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ አላውቀውም" አለና ውሃ ቀዳላት።