እምቢ ያለው መታጠቢያ

ባለቤቴ ካረፈች አራት ወር ሆናት። ቦንጋ ባለው ቢሯችን የውኃ መስመር የምትነድፈው እሷ ነበረች፤ አሁን ሥራዋ እኔ ላይ ወድቋል።

ያን ቀን የአንድ ጤና ጣቢያ የውኃ መስመር ስዕል ማለቅ ነበረበት። የማዋለጃ ክፍሉ መታጠቢያ ግን ከቧንቧው ጋር አልገናኝ አለኝ። የምስልበት ሶፍትዌር ሕግ አለው፤ የቧንቧ አፋቸው እኩል፣ መስመራቸውም ቀዝቃዛ ከቀዝቃዛ፣ ሙቅ ከሙቅ ካልሆነ ዕቃዎች አይገናኙም። ሁለቱንም አስተካከልኩ። አጥፍቼ እንደገና ሣልኩት። አሁንም ያው «አይገናኝም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

ስዕሉን ሊወስዱ ከዋጫ የመጡት ፎርማን ጋሽ ወልዴ ከኋላዬ ቆመዋል።

«እኔ በእጄ ብገጥመው እስካሁን ውኃ ይወርድ ነበር» አሉ።

«ኮምፒዩተር እጅ የለውም፣ ጋሽ ወልዴ።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»

ተናድጄ የመታጠቢያውን መረጃ ከፈትኩ። ይህን መታጠቢያ ሶፍትዌሩ ውስጥ የሠራችው ባለቤቴ ናት። የራሷን ሕግ ጨምራበታለች፤ ቀዝቃዛውን መስመር ብቻውን አይቀበልም። ከሥሩ እንዲህ ጽፋለች፦ «ልጃችንን ስወልድ በቀዝቃዛ ውኃ ነው ያጠቧት። ሙቅ የሌለበት ቦታ አይገጠም።»

ጋሽ ወልዴም አነበቡት።

«ማሞቂያ እኮ በዕቅዱ ላይ የለም» አሉ ቀስ ብለው።

«አሁን አለ» አልኳቸው። ማሞቂያውን ሣልኩ፤ የሙቁን መስመር እስከ መታጠቢያው አደረስኩና ስዕሉን አትሜ ሰጠኋቸው።