ደም ሳይደርቅ የተጠጣ ውሃ

ወንድሜ ባለፈው ክረምት በእርሻ ድንበር ጠብ ከተገደለ ወዲህም ተረት ማውራት አላቆምኩም። ሰው ይገርመዋል። አፌ እንደ ድሮው ይሄዳል፤ እንባዬ ግን ቀጥ ብሏል። በቀብሩም አላለቀስኩም። ሙስሊሟ ጎረቤቴ «አብሽሪ፣ በጊዜው ይመጣል» ብላኝ ነበር። አልመጣም።

የወንድሜ ሴት ልጅ እኔ ዘንድ፣ መካነ ሰላም ከተማ ሆና፣ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። ገዳዩ ወህኒ ነው። የእሱም ልጅ እዚያው ክፍል ናት። እርሻቸው ጎን ለጎን ስለሆነ ልጆቹ አብረው ነው ያደጉት፤ እስከዚያ ክረምት ድረስ በአንድ ወንበር ይቀመጡ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ሆኑ።

የትምህርት ቤቱን የሰላም ክበብ የምትመራው መምህርት ከሩቅ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። «እትዬ፣ ተረት ያውቃሉ አሉኝ። ለልጆቹ ስለ እርቅ ቢያወሩልን» ብላ ቤቴ ድረስ መጣች። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ከስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነጠላዬን ደርቤ ሄድኩ።

የአህያንና የጅብን እርቅ አወራሁላቸው።

«እትዬ፣ ከእርቁ በኋላ በላት አይደል?» አለ ከኋላ አንዱ ቀልደኛ።

«አልበላትም። እሷም ብትሆን አጠገቡ አልተኛችም።»

ሳቁ።

ከዚያ መምህርቷ ጆግ ሙሉ ውሃና ኩባያዎች አመጣች። ጆጉ ሰማያዊ ነበር። «አሁን ደግሞ ሁላችሁም ካኮረፋችሁት ልጅ ጋር ጥንድ ሁኑ፤ ከአንድ ኩባያ ጠጡ» አለች። ልጄ፣ የወንድሜን ልጅ እንዲህ ነው የምላት፣ ከወንበሯ ተነሳች። ወደ ማን እንደምትሄድ ገና ስትነሳ አወቅኩ። ያችኛዋ አንገቷን ደፋች። ልጄ ጠጥታ አቀበለቻት፤ እሷም ጨረሰችው። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ መሰለኝ።

በእኛ አገር በመካከላቸው ደም ያለባቸው ቤቶች፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ደሙን እስኪያደርቅ ድረስ ከአንድ ዕቃ አይቀምሱም። የቀመሰ ሰው ስለ ቤቱ ሁሉ ታርቋል ማለት ነው። መምህርቷ ይህን ከየት ታውቀው? ልጄ ግን ታውቅ ነበር።

ወሬው ከገበያተኛ ጋር ገጠር ገባ። በማግስቱ ታላቅ ወንድማችን መጣ። በቅሎዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። አልቀመጥ አለ።

«ጠጥታለች?»

«ጠጥታለች፣ ጋሼ።»

«የአባቷን ደም በአንድ ኩባያ ውሃ አደረቀችው! ቄስ የለ፣ ሼህ የለ፣ ሽማግሌ የለ! ይሄ ነው የሰላም ትምህርት? ልብሷን ጠቅልይ፣ ከእኔ ጋር ትሄዳለች። ትምህርቱ ይብቃት።»

መምህርቷ ሰምታ እየሮጠች መጣች። «አባባ፣ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። እኔን ይቆጡኝ።»

«አንቺማ ምን አደረግሽ፣ የኔ ልጅ። የሟች ልጅ አይደለሽ።»

ልጄ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ነበር። «መምህራችን ከማን ጋር እንደምጠጣ አልነገረችኝም» አለች። «እኔ ነኝ የመረጥኳት። አባቷ ከታሰረ ወዲህ ማንም አብሯት አይቀመጥም። እሷ ምን አደረገች? አባቴን እኮ ጋሼ ትለው ነበር።»

ታላቅ ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ለሁሉ ነገር ተረት የማላጣ ሴት ነኝ። ያን ጊዜ አንድም አልመጣልኝ። «እንግዲህ ጠጥታለች፣ አይተፋ» አልኩት። «ሽማግሌ ይግባና ደሙ ሰው እያየ ይድረቅ። እሷ ግን ትማር።»

«ለአንቺ ቀላል ነው። አላለቀስሽለትም እንኳ።»

«አላለቀስኩም። ዛሬም እንባ የለኝም።»

ይህን ጊዜ ተቀመጠ። «እኔ አልቅሻለሁ» አለ። «ቢያለቅሱትም ያው ነው።»

ሊሄድ ሲነሳ ከመደርደሪያዬ ላይ የቆርቆሮ ኩባያዬን አንስቶ ለልጄ ሰጣት። «ሽማግሌ እልካለሁ። እስኪጨርሱ ከዚች ሌላ እንዳትጠጪ። አጠገቧ ብትቀመጪ እንደሆን… እኔ አላየሁም።»

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ተነስተዋል፣ ደግመው ሊቀመጡ ቀጥረዋል። መምህርቷም ሌላ ተረት ይዘው ይምጡ ብላኛለች፤ እሺ ብያለሁ። ጠዋት ጠዋት ልጄ ስትወጣ ኩባያዋ ከቦርሳዋ ላይ ተንጠልጥላ ስትንቋቋ እስከ መታጠፊያው ድረስ ትሰማለች። ስትመለስ ኩባያዋን ተቀብዬ አጥባለሁ። አንዳንድ ቀን ውስጧ ደረቅ ነው፤ ጠዋት የጠረግኳት እንደሆነች ትመጣለች። የትምህርት ቤቱን ዳገት ወጥታ ቀኑን ሙሉ ሳትጠጣ እንደማትውል አውቃለሁ። ከማን ኩባያ እንደጠጣች አልጠይቃትም። አጥቤ ደፍቼ አስቀምጣለሁ።