ሳሞአ በትከሻ

የወጣሁ ማታ ቤታችን የሠርግ ቤት ነበር የሚመስለው። ጎረቤቱ ግማሹ ሊስመኝ፣ ግማሹ «ይቺን ብቻ ለእንትና አድርሺልኝ» ሊለኝ ተሰብስቦ፣ ሻንጣዬ ከበርበሬውና ከሽሮው ብዛት አልዘጋ ብሎ ወንድሜ ተቀምጦበት ነበር። እማዬ አላለቀሰችም። ቦሌ በር ላይ ሹራቤን እስከ አንገቴ ቆለፈችልኝና «ብርድ እንዳይመታሽ» ብላ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቼ ቀበቶዬን እንዳሰርኩ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ፈረንጅ መሐረብ ሰጡኝ፤ አልቆም ስል ጊዜ ደግሞ ዳቧቸውን ጨመሩልኝ። በላሁታ፣ ምን ላድርግ!

ስቶክሆልም የተቀበለኝ ባለቤቴ ሰለሞን ነው። አውቶቡስ ይነዳል። ቤታችን ቴንስታ ነው፣ ፎቅ በፎቅ የሆነ፣ ከዓለም ዙሪያ የመጣ ሰው የታጨቀበት ሰፈር። እዚያ ሶማሌውም ኩርዱም ደረጃ ላይ ሲያገኛችሁ ሰላም ይላል። ወደ መሀል ከተማ በሚወስደው ቱነልባና ውስጥ ግን፣ ማለት ምድር ለምድር በሚሄደው ባቡር፣ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ትንፍሽ አይልም። እኛ ዘንድ አጠገብ ተቀምጦ ዝም ማለት ኩርፊያ ነው፤ እዚህ ጨዋነት ሆኖ አረፈው።

እኔ መምህርት ነኝ። ጉለሌ ዓመታት ሙሉ ሕፃናት አስተምሬያለሁ። ይህንን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኩት የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ውስጥ ለምትሠራ ሴትዮ ነበር።

«አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጆች ነበሩሽ?» አለችኝ።

«ወደ ስድሳ።»

«ከስንት መምህራን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ሁሉም በሕይወት አሉ?»

«ልጆቹ አሉ» አልኳት፤ «እኔንም እያየሽኝ ነው።»

አልሳቀችም። የጽዳት ሥራ እንዳለ ነገረችኝ። ጽዳት አልናቅሁም፤ ቋንቋ እስክለምድ ድረስ ቀኑም ማታ በሚመስልበት በዚያ ጨለማ ወቅት ቢሮ ስጠርግ ከርሜያለሁ። ግን ሞያዬ ልጅ ነው፣ ሞያዬን ጥዬ መቅረት አልፈለግሁም። ቋንቋው ትንሽ እንደያዘልኝ ቴንስታ ውስጥ አንድ ዳጊስ፣ መዋእለ ሕፃናት ማለት ነው፣ ቪካሪ ሆኜ ገባሁ። ቪካሪ ማለት መምህር ሲታመም ጠዋት ተደውሎላት «ነይ» የምትባል ተተኪ ናት። ሰው ጉንፋን ሲይዘው ደስ ይለኝ ጀመር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የዳጊሱ ኃላፊ ሼሽቲን የምትባል ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። አንድ ቀን አስቀምጣን፣ አንዷ መምህርት ጡረታ እንደምትወጣና ቋሚ ቦታ እንደሚከፈት ነገረችን። የባህል ሳምንት ሊደረግ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ የዓለም ጥግ ይወስዳል፣ ዓርብ ወላጆች ይመጣሉ። «ያንን ካየሁ በኋላ ስላንቺ እወስናለሁ» አለችኝ። እንግዲህ ወይ መምህርት፣ ወይ ተመልሼ መጥረጊያ።

«ትርሲት፣ አንቺ አፍሪካን ትወስጂያለሽ፣ አይደል?»

«አልወስድም» አልኩ። ሁሉም ቀና አሉ። «አፍሪካ ሰፊ ናት። እኔ የማውቀው ጉለሌን ነው። ጉለሌን ከፈለጋችሁ እወስዳለሁ።»

ሰው ሁሉ ስኒው ውስጥ አቀረቀረ። ኬንያ ሄዳ አንበሳ አይታ የመጣችው ባልደረባዬ ሎታ አፍሪካን በደስታ ወሰደች። ለእኔ የተረፈኝ ማንም ያልፈለገው ሆነ፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች።

ሰለሞን ማታ ሲሰማ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። «ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት!»

«ላንጋኖን አይቻለሁ» አልኩት።

ከቤተ መጻሕፍት የሥዕል መጽሐፍና የቪዲዮ ካሴት ተዋስኩ። ሳሞአ፣ ቶንጋ፣ ሃዋይ። ስመለከት ሰዎቹን ወደድኳቸው። እንግዳ ሲመጣ አንገቱ ላይ አበባ ያጠልቃሉ፣ ምንጣፍ ላይ አብረው ይቀመጣሉ፣ በታላቅ ፊት ዝቅ ይላሉ። ጭፈራቸው ደግሞ ወሬ ነው፤ እጃቸው ማዕበሉን፣ ዓሣውን፣ ዝናቡን ያወራል። እነዚህማ የኛ ሰዎች ናቸው አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን ዋጋዬን አገኘሁ። ልጆቹን በሰልፍ አቁሜ፣ እጅ አጣምራችሁ፣ ከእኔ በኋላ በሉ አልኩ። ሎታ ጆሮዬ ስር መጥታ «አትዘዢያቸው፣ ጠይቂያቸው» አለችኝ። እሺ ብዬ ጠየቅሁ። «ልጆች፣ ጀልባ መሥራት ትፈልጋላችሁ?» «ኔይ!» አሉ ባንድ ድምፅ፣ አንፈልግም ማለታቸው ነው። እስቲ የአራት ዓመት ልጅ ተጠይቆ እሺ ያለው የት ሀገር ነው?

በማግስቱ አላዘዝኩም፣ አልጠየቅሁም። ወንበሮቹን ደርድሬ ፊተኛው ላይ ተቀመጥኩና በመጥረጊያ እንጨት መቅዘፍ ጀመርኩ። ሊዮ የሚባል ዝምተኛ ልጅ አለ፤ እሱ ቀስ ብሎ መጣ።

«የት ትሄጃለሽ?»

«ሳሞአ። ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ።» ከዚያ እንደ መርካቶ ወያላ ጮህኩ፤ «አንድ ሰው! አንድ ሰው! የሞላ!»

ማን ይቅር! እየተገፋፉ ተሳፈሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቴንስታ ልጆች ወንበር ባዩ ቁጥር «የሞላ!» ማለት ያዙ፤ ወላጆቻቸው የሳሞአ ቋንቋ ይመስላቸዋል።

ውጪ በረዶው ጉልበት ይደርሳል፣ እኛ ባዶ እግራችንን ነን። ሰማያዊ አንሶላ ዙሪያውን ይዘን እናወዛውዛለን፣ የወረቀት ዓሦች ላዩ ላይ ይዘላሉ። ጋዜጣ ጠቅልለን ዱላ ሠራን፤ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጡና መሬቱን መታ፣ እርስ በርስ መታ፣ ከዚያ ዱላውን ወርወር አድርገው ይለዋወጣሉ። ከስስ ወረቀት የአበባ ጉንጉን ሰፋን። እኔ ከበሮ እመታለሁ፣ እጆቻቸው ማዕበል ይሆናሉ። ሎታም ከመጫወቻ ሱቅ የፕላስቲክ የሣር ቀሚስ ገዝታ አመጣችልኝ፤ አለበስኳቸው። አሪፍ ነበርን፣ ለምን እዋሻለሁ!

ዓርብ ወላጆች መጡ። ሊዮን ሁልጊዜ የሚወስደው ስዊድናዊ አባቱ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ሶልና ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆነችው እናቱ መጣች፣ ደልደል ያለች፣ ጠየም ያለች ሴት። ሼሽቲን ይዛት መጥታ «የሊዮ እናት ናት፣ ሲና ትባላለች። ተወልዳ ያደገችው ሳሞአ ነው» አለችኝ።

ክው አልኩ። ሼሽቲንን ወደ ጥግ ሳብኳት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም» አለችኝ፣ በዚያው በለስላሳ ድምፅ።

ከበሮውን መታሁ። እጆቹ ማዕበል ሆኑ፣ ዓሣ ሆኑ፣ አበጃችሁ ስል ልጆቹ በሙሉ ትከሻቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። ሊዮማ አንገቱን ጨምሮ! ምን ሆነው ነው ብዬ ወደ ራሴ ባይ፣ ለካ እጄ ሳሞአን ሲያወራ ትከሻዬ ጎጃም ሄዷል። ሳምንቱን ሙሉ ከበሮ በመታሁ ቁጥር እስክስታ ስወርድ ኖሬ፣ ልጆቹ ያንንም አብረው ተማሩት። ከበሮ እየሰማ ትከሻውን ማስቆም የሚችል ሐበሻ ካለ ይምጣና ያስተምረኝ።

ሲና አፏን በእጇ ያዘች። ሼሽቲን ልጆቹን ትታ የሲናን ፊት ነበር የምታየው። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

ሲያበቃ ሲና ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። «እጁ የኛ ነው» አለችኝ። «ትከሻውን ከየት አመጣሽው?»

ሼሽቲን አጠገባችን ቆማለች። «ትከሻው የኔ ነው» አልኩ። «ከኢትዮጵያ ነው። ሳላውቀው ነው የገባው።»

ሲና በሳቅ ፈነዳች፤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ቤት ላስተምረው ስል አንድም ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም» አለች ሊዮን እያየች። ቀጥላ ግን ኮስተር አለች። «ቀሚሱን አውልቂላቸው። እኛ ፕላስቲክ አንለብስም።»

ከወዲያኛው ክፍል የሎታ አፍሪካ እያገሳች ነበር፤ ልጆቹ የአንበሳ ጢም ተስሎላቸው። ስለዚያ ጢም ሳምንቱን ሙሉ ስናደድ ነበር የከረምኩት። «አሁኑኑ» አልኩና የእያንዳንዱን ልጅ ቀሚስ አወለቅሁ።

ከዚያ ሲና ጫማዋን አውልቃ መሀል ገባች። እጅ እንዴት ቀስ እንደሚል፣ ጣት እንዴት እንደሚከተል አሳየችን። ልጆቹም በተራቸው ትከሻ አስተማሯት። የሶማሌ እናቶች እልል አሉ፤ ስዊድኖቹ አባቶች ሳይቀሩ ተወዛወዙ።

ሼሽቲን ስትወጣ «ደህና ነበር» ብቻ አለችኝ። ቤት ገብቼ ሐዘን ተቀመጥኩ። ሰለሞን «አንቺ ሴት፣ ስዊድን ደህና ነበር ካለ እኮ በደስታ አብዷል ማለት ነው» ቢለኝም አላመንኩትም። እሱ ልክ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሼሽቲን ጠርታ ቋሚ ቦታውን ሰጠችኝ።

የስልክ ካርድ ገዝቼ ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ።

«እማዬ፣ መምህርት ሆንኩልሽ! ቋሚ!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» እልልታዋ ጆሮዬን በጠሰው። «ምን አስተምረሽ ነው?»

«የሳሞአ ጭፈራ።»

«እነሱ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«ባሕር መሀል ያሉ፣ ሩቅ፣ በጣም ሩቅ ሀገር።»

«እስክስታ ነው እንዳትዪኝ ብቻ» አለችና ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ ጠየቀችኝ። «ቋሚ ማለት እዚያው እስከ ጡረታ ነው አይደል?»

«አዎ እማዬ።»

«ጥሩ ነው» አለች። «ጥሩ ነው ልጄ።»

ሌላ ጊዜ ካርዱ እስኪያልቅ የማትለቀኝ እናቴ «በይ ካርድሽን አትጨርሺ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ካርዱ ገና አልተነካም ነበር።