የቃና ሙሽራ ፊት

ሰው ሁሉ ሠዓሊውን ኦራዚዮ ቴንቶሪን «ማኤስትሮ»፣ ማለት ሊቁ፣ እያለ ባርኔጣውን ያነሳለታል። እኔ ጋስፓሬ ለሳኙ ግን «አንተ» ነው የምለው። ዕድሜዬን በሙሉ ኖራ ሳቦካለት፣ በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ጎኑ ተኝቼ ኩርፊያውን ስችል የኖርኩ ሰው፣ «እርስዎ» ልለው ነው እንዴ?

ሥራችን እንዲህ ነው። እኔ በማለዳ፣ በዚያን ቀን ሊጨርሰው የሚችለውን ያህል ብቻ፣ ግድግዳውን በእርጥብ ኖራ እለስናለሁ። እሱ ልስኑ ሳይደርቅ ቀለሙን ያስጠጣዋል። ከደረቀ በኋላ ስህተት ብታይ መድኃኒቱ መዶሻ ነው፤ ፍቀህ እንደ አዲስ መጀመር። ለዚህም ይመስለኛል የግድግዳ ሠዓሊ ሁሉ ቁጡ የሚሆነው። ኦራዚዮ ግን አይቆጣም፤ ዝም ነው የሚለው። አቤት ዝምታው! ሲሳደብ ቢውል በተሻለኝ።

በወጣትነቱ ሮም ተምሯል። የሚወደው የታሪክ ሥዕል ነበር፤ ጦርነት፣ ከተማ ሲከበብ፣ ጄኔራል ሲሞት። አንዱን ትልቅ ሸራውን በኤግዚቢሽን ላይ ጣሪያ ሥር ሰቀሉለት። አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያየው ጠፍቶ ተጠቅልሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እንጀራው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሆነ። ሚስቱን ኢሶታን አንኮና ትቶ፣ ተራራ ላይ የአንድ መስፍን አዳራሽ ሲስል ኮሌራ ከተማዋ ገባ። መርዶው የደረሰን ከተቀበረች በኋላ ነው። የመስፍኑን ሚስት፣ የመስፍኑን ፈረስ፣ ውሻውን ሳይቀር ስሏል። የገዛ ሚስቱን ግን «ነገ፣ ነገ» ሲል አንድ ቀን እንኳ አልሳላትም።

ከዚያ ወዲህ የሴት ፊት በመጣ ቁጥር የኢሶታን መልክ ሊያወጣ ይሞክራል። ማርያም መግደላዊትን ሲስል ሞከረ፣ ቅድስት ሉቺያን ሲስል ሞከረ። «አፍንጫዋ ሲመጣልኝ ዓይኗ ይጠፋብኛል» ይለኝና ብሩሹን ያስቀምጣል። ምን ልበለው? እኔ ሁሌም በሥራ ቦታ እንጂ አንኮና ቤቱ ሄጄ እሷን አይቻት አላውቅም።

በመጨረሻ ሞንተ ሳልቪኖ ወደምትባል ትንሽ ከተማ መጣን። የደብሩ ቄስ አባ ቺሪያኮ የቃና ዘገሊላን ሠርግ እንድንሥል አዘዙ። እንደ ልማዳችን ኦራዚዮ የከተማውን ሰው የሠርጉ ታዳሚ አድርጎ አስገባው፤ እንደ ልማዳቸውም ተጣሉ። ዳቦ ጋጋሪው «ለምን ከወይን ጋኑ አጠገብ አደረግከኝ፣ ሰካራም ነኝ?» ብሎ እየዛተ ሲመጣ፣ የጫማ ሰፊው ሚስት ደግሞ ከጎረቤቷ ዝቅ ብላ በመቀመጧ ሰላምታ ነሳችን። ግድግዳው ሞላ፤ የቀረው የሙሽራዋ ፊት ብቻ ነበር።

«ይሄ የመጨረሻዬ ነው ጋስፓሬ» አለኝ። «እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ኢሶታን እዚህ ካላስቀመጥኳት የትም አላስቀምጣትም።»

«መልኳን ረስተህ የለ እንዴ?»

«እህት አለቻት፣ ዜልሚራ የምትባል። ሰው ሁሉ መንትያ ናችሁ ይላቸው ነበር። እሷን አስቀምጬ እስላለሁ።»

በሰረገላ ነጂው መልእክት ላከ። ሐሙስ እመጣለሁ አለች። ሐሙስ ጢሙን ተላጨ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፤ እኔም በማለዳ የፊቱን ቦታ ለስኜ አደባባይ አብሬው ወጣሁ። ሰረገላው ቆመ። የደረቀ በለስ በዘንቢል የያዘች፣ ጥርሷ የሳሳ፣ ቁና ቁና የምትተነፍስ አሮጊት ወረደች። ኦራዚዮ አልፏት ወደ ሰረገላው ውስጥ ያያል፤ ሌላ ሰው ይወርዳል ብሎ! እንዲህ ያለ ቂል አይቼ አላውቅም። እሱ ሲሸብት እሷ ያኔ እንደተዋት ቆማ የምትጠብቀው መስሎታል።

«ምነው ኦራዚዮ፣ አላወቅከኝም?» አለችው።

«አወቅኩሽ እንጂ።»

«ውሸታም! እኔም አንተን ያወቅኩህ ቀለም በነካው ሱሪህ ነው።»

ቤተ ክርስቲያን ስንገባ አግዳሚው ላይ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት በለሱን ለእኔ ታካፍለኛለች። ብጠብቅ ብጠብቅ አልነሳ አለ። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ስማ!» ብዬ ጮህኩ። «ልስኑ እየደረቀብኝ ነው! ወይ ሳል፣ ወይ ልፋቀውና ምሳዬን ልብላ!»

ቀስ ብሎ ዞረ። ዜልሚራን አያት፤ ትኩር ብሎ አያት። «ሻሽሽን አውልቂ» አላት።

እስኪመሽ ሳለ። ያ ሲንቀጠቀጥ የከረመ እጅ ጸጥ አለ። ሽበቷን፣ ከዓይኗ ሥር ያለውን እጥፋት፣ የጉንጯን መርገብ፣ አንዱንም አልማረም። ሲጨርስ ዜልሚራ ወገቧን ይዛ ተነሥታ ቀና ብላ አየች።

«ይህቺ እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሙሽራ! ኧረ ሰው ይስቅብኛል!»

«አንቺ አይደለሽም» አላት። «ኢሶታ ናት። ከኔ ጋር ኖራ፣ ከኔ ጋር አርጅታ።»

ቀልዷ ጠፋ። ሻሹን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ ባልዲ የማጥብ መስዬ ዞር አልኩ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ እኔም አልቅሻለሁ።

በማግስቱ ሰረገላው ጋ ስንሸኛት፣ «ጥቂት ቀን ብትቆዪ?» አላት። ሰው ሲለምን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ልጄ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፣ ኦራዚዮዬ» አለችው። ጉንጩን ስማው ሄደች። እሱም ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

አባ ቺሪያኮ ከሰዓት በኋላ መጡ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

«ሙሽራዋ አሮጊት ናት! እሑድ ጳጳሱ ሊባርኩ ይመጣሉ! ጋስፓሬ፣ አሁኑኑ መዶሻህን አምጣና ፋቃት!»

ኦራዚዮን አየሁት። ጠቡ የሌላ ሰው ይመስል ብሩሹን ያጥባል፤ ብሩሹ ግን ከጸዳ ቆይቷል።

«አባ፣ እኔ ለሳኝ ነኝ» አልኩ። «ማፍረስ ከፈለጉ መዶሻው ያውና። መሰላሉን ልያዝልዎት?»

እሳቸው መሰላል አይወጡም፤ ያዞራቸዋል። «የሚያፈርስልኝ ሰው አላጣም!» ብለው ሊወጡ ሲሉ፣ የዳቦ ጋጋሪው እናት እማማ ቴክላ መቁጠሪያዋን ይዛ ገባች። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ረጅም ጊዜ አየች።

«እሰይ!» አለች። «እኔ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ የኔን ቢጤ ያየሁት ዛሬ ነው። ሌሎቹ ቅዱሳት ሁሉ ኮረዳ ናቸው።»

«ሙሽራ ናት እኮ እማማ!» አሉ አባ ቺሪያኮ።

«ታዲያስ? ባሌ እስኪሞት ድረስ ሙሽሪት ነበር የሚለኝ፤ ያኔ ጥርስ ነበረኝ? እስቲ አንድ ሰው ይንካት፣ ከኔ ጋር ነው የሚተያየው!»

እስከ ማታ የከተማዋ አሮጊቶች ሁሉ መጥተው አዩ። ከዚያ ወዲያ መዶሻ የሚያነሳ ወንድ ከየት ይምጣ? እሑድ ጳጳሱ መጥተው ባረኩ፣ ስለ ሙሽራዋ ምንም አላሉም፣ የበግ ጥብሳቸውን በልተው ሄዱ።

ሥራው ሲያልቅ እኔ ቤት፣ ቆላ ወርደን አብረን ልንኖር ተስማምተን ነበር። ምራቴ ክፍሉን ኖራ ቀብታ አዘጋጅታለታለች። ሰኞ ጠዋት በቅሎዋን ጭኜ ብጠብቅ ቀረ። ገብቼ ሳይ ግድግዳው ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

«ና እንጂ፣ ፀሐይ ሊወጣብን ነው!»

«አልመጣም ጋስፓሬ። እማማ ቴክላ ከልጇ የዳቦ ምድጃ በላይ ያለውን ክፍል ሰጥታኛለች።»

«አብደሃል? እዚህ ማን አለህ? በክረምት ብትታመም ውሃ የሚያቀብልህ ማን ነው?»

መለሰልኝ፤ ዓይኑን ግን ከግድግዳው አላነሳም። «ያኔ የሞተችው ብቻዋን ትቻት ስሄድ ነው።»

ትከሻውን ያዝ አድርጌ ወጣሁ።

ቁልቁለቱን ብቻዬን ወረድኩት። መንገዱን ሙሉ ከበቅሎዋ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ፤ ከሌላ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?