ጋሽ ሲዚየም በግቢው በር አጠገብ የሠራው ክፍል

ተማሪዎቹ «ጋሽ ሲዚየም» ይሉታል። በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ግራ ጥግ፣ ታች የተቀመጠውን ያን ግዙፍ አቶም ካስተማራቸው ቀን ጀምሮ ነው ስሙ የወጣለት። እሱም አልተቀየማቸውም። ቤቱ መስተዋት አለ፤ ቀበቶውም ሆዱ እየሰፋ በየጊዜው ወደ ጫፉ አዲስ ቀዳዳ ይበሳለታል።

ዕድሜውን የጨረሰው ኬሚስትሪ ሲያስተምር ነው። በሰንጠረዡ ወደ ታች በወረድን ቁጥር አቶሙ ምህዋር በምህዋር ላይ እየደረበ ይሰፋል። የዳሩ ኤሌክትሮን ከመሀሉ ኒውክለስ ይርቃል፤ በመካከል ያሉት ደግሞ ስበቱን ይጋርዱበታል። ስለዚህ በትንሽ ጉልበት ተላቆ ይሄዳል። ወደ ቀኝ ከሄድን ግን ስበቱ እየበረታ አቶሙ ይሰበሰባል፤ ከክሎሪን ላይ አንድ ኤሌክትሮን መንጠቅ ቀላል ሥራ አይደለም። ይህን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት ይመልሳል። ወደ ቤቱ ሲመጣ ግን እውቀቱን ከጠመኔው ጋር እዚያው ትቶት ይመጣል።

የመጨረሻ ልጁ ሥራ ስትይዝ ከቤት እንዳትወጣበት ሰጋ። ታላላቆቿ ተራ በተራ ሄደዋል፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ መላ አገኘ፤ በግቢው በር አጠገብ የራሷ ቁልፍ ያለው ክፍል ሠራላት። ባለቤቱ ልጅቷን ለማስቀረት ነው ወይስ ለመሸኘት ብላ ብትጠይቀው፣ ሰው ነፃነት ካገኘ የትም አይሄድም ብሎ ረጅም ማብራሪያ ሰጣት። እሷ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ድሮ ልጅቷ እዚያው ቤት ከመጋረጃ ወዲያ ስትተኛ ሳሏ እንኳ ይሰማው ነበር። አሁን መግባት መውጣቷን የሚነግረው የበሩ ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል ነው፤ እሱንም ራሱ ዘይት ቀብቶ ዝም አሰኘው። ከእራት አንዳንዴ መቅረት ጀመረች፤ ኋላማ መምጣቷ አንዳንዴ ሆነ። በመጨረሻ ሻንጣዋን ይዛ ሳሎን ገባችና ሥራዋ አካባቢ ቤት መከራየቷን ነገረችው።

«ክፍሉ አልተመቸሽም?»

«ኧረ ተመችቶኛል፣ አባዬ። ለብቻ መኖርን የለመድኩት እዚያው ነው። እዚያ ሆኜ መንገዱ ይቀርበኝ ነበር፤ የምትርቁኝ እናንተ ነበራችሁ።» ፈገግ አለች። «የዳሩን ኤሌክትሮን ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

ሊቆጣ አሰበ። ግን በማን ላይ? ፈተናውን ያወጣው እሱ፣ የወደቀውም እሱ። ሻንጣዋን ተሸክሞ እያለከለከ እስከ ታክሲው ሸኛት።

እሁድ ተመልሳ መጣች። ያንን ክፍል ዞር ብላ እንኳ ሳታየው አልፋ፣ ሳሎን ባለው አሮጌ ሶፋ ላይ በእናቷና በአባቷ መሀል ልትሸጎጥ ሞከረች።

«ጠጋ በልልኝ እስቲ፣ አባዬ።»

ጋሽ ሲዚየም ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ክሎሪን ለመሆን ታገለ። ትንፋሹ እስኪያልቅ ድረስ ሆነም። ሲተነፍስ ሶፋው ጠበበ፤ ልጅቷ ግን አልተነሳችም።